የአባቴ ዲስከስ

ድሬዳዋ ውስጥ ስፖርት የሚሠራ ሰው ሰዓቱን የሚቆጥረው ከፀሐይ ጋር ነው። ጎህ ሳይቀድ ከቤት ካልወጣ፣ ገና 2 ሰዓት ሲሆን ሙቀቱ ከሜዳ ያስወጣዋል። እኔም በ1993 ዓ.ም. የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ዲስከስ መወርወር የጀመርኩት በዚያ የማለዳ ሰዓት ነው። ቦታው ደቻቱ ነበር። ከተማችንን የማያውቅ አንባቢ ደቻቱ ወንዝ ነው ሲባል ውኃ ያስብ ይሆናል። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ከዚራን ከመጋላ ለይቶ ከተማዋን መሀል ለመሀል የሚሰነጥቃት ሰፊ የአሸዋ ሜዳ። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ግመል ይነዳበታል፣ ሰው ከወዲያ ወዲህ ይሻገርበታል።

የስፖርት መምህራችን ወደዚያ የወሰደን ሁለት ነገር አስቦ ነው። የትምህርት ቤቱን ሜዳ የኳስ ልጆች ይዘውታል። ያለን ዲስከስ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ መሀሉ እንጨት፣ ዙሪያው ብረት፣ እንጨቱ የተሰነጠቀ። አሸዋ ላይ ሲወድቅ አይጎዳም። መምህራችን ችካል ተክሎ በገመድ ሁለት ሜትር ተኩል ስፋት ያለው ክብ ያሰምርልናል፤ በዚያች ክብ ውስጥ አንድ ጊዜ ተኩል ዞረን እንለቃለን። የሴቶች ዲስከስ 1 ኪሎ፣ የወንዶች 2 ኪሎ መሆኑን የነገረን የመጀመሪያው ቀን ነው። ያን ቀን ከነገረን ሁሉ ይህችን ቁጥር በደንብ ይዤ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፈውም ነበር።

ዲስከስ ወርውሮ የማያውቅ ሰው ነገሩን የክንድ ጉልበት አድርጎ ያየዋል። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ቲቸር ግን ሁልጊዜ የሚጮኸው ስለ እግር ነው። «በግራ እግርሽ መሬቱን ርገጪ! ዳሌሽ ይቅደም! ክንድሽ ዝም ብሎ ይከተል!» ይለኛል። አንዳንድ ቀን፣ ከአሥር ውርወራ ምናልባት በአንዱ፣ ያለው ይሆንልኛል። ያኔ ዲስከሱ ከጣቴ ሲወጣ ምንም አይከብድም፤ ከሌባ ጣቴ ላይ እየተሽከረከረ ይሄድና ከአሸዋው በላይ ጠፍጠፍ ብሎ ይንሳፈፋል። ከፊት የሚመጣ ነፋስ ደግሞ ከሥር ገብቶ ያሻግረዋል፤ ሯጭን የሚያደክም ነፋስ ዲስከስን ይረዳል። ያ ስሜት ነው የያዘኝ። ሌሊት ተኝቼ እንኳ ጣቶቼ ዲስከሱን ሲለቁት ይሰማኝ ነበር።

እንግዲህ አገራችን የሯጮች አገር ናት፤ ደግሞም ይገባታል። ነገር ግን በሯጮች አገር ወርዋሪ መሆን ምን ማለት እንደሆነ ያየሁት እኔ ነኝ። ለውድድር ስንሄድ ውርወራ የሚካሄደው ሕዝቡ ወደ መም በሚያይበት ሰዓት ነው። ርቀታችንን የሚለካው ሰው እንኳ ሜትሩን ይዞ አንገቱን ወደ ሯጮቹ ያዞራል። ሯጭ ባቱን ሲይዘው ወጌሻው ሳጥኑን አንጠልጥሎ ይሮጥለታል። ወርዋሪ ትከሻዬን ሲል «አሟሙቂው» ይባላል። ስለ እግር ሁሉም ሰው አንድ ነገር ያውቃል። ስለ ትከሻ የሚያውቅ አልነበረም።

አባባ የሽመንደፈር ሰው ነበር። ድሬዳዋ ራሷ የባቡሩ ልጅ ናት፤ ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በፈረንጆቹ 1902 መጨረሻ እዚህ ደርሶ ነው ከተማዋ የተቆረቆረችው። በእኛ ቤት ደግሞ ባቡር እንጀራ ነበር። አባባ ስፖርት አይከታተልም። ግን አንድ ቀን ማለዳ ሳላየው ደቻቱ ዳር ቆሞ ስወረውር አየኝ። ማታ ሲገባ ስለዚያ ምንም አላለም። ከአንድ ወር በኋላ ግን፣ በ1996 ዓ.ም. የፋሲካ ሰሞን፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ከባድ ነገር ጭኔ ላይ አስቀመጠ። ፈታሁት። ዲስከስ ነው። ድፍን ብረት፣ በቶርኖ የተላገ፣ ዙሪያው እንደ መስታወት የተወለወለ። አንድ የብረት ሥራ የሚያውቅ ወዳጁን ለምኖ፣ የኛን ዲስከስ መጠን በዓይኑ ለክቶ፣ ከቁርጥራጭ ብረት አሠርቶልኝ ነው።

«አገር የሚሮጠውን ሁሉ ያውቀዋል» አለኝ፤ «አንቺ ደግሞ ወርውሪ።»

ከአባቴ አፍ ስለ እኔ ስፖርት የወጣው ንግግር ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ የተሰነጠቀውን እንጨት ማን ይነካል? በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ሃምሳ ስልሳ ጊዜ የአባባን ዲስከስ ወረወርኩ። ሲይዙት ይከብዳል። ክብደቱን እንደ በረከት ነበር የቆጠርኩት፤ በከባድ የለመደች ክንድ ውድድር ላይ ቀላሉን ስታገኝ ታበረዋለች ብዬ አሰብኩ። እውነትም በመጀመሪያዎቹ ወራት ርቀቴ ጨመረ። ቲቸር በዚያ ዓመት ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሮ ስለነበር ዲስከሱን በእጁ ይዞ የሚያይ ሰው አልነበረኝም።

ሕመሙ የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ጥር ገደማ ነው። በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። መጀመሪያ ማታ ማታ ቀኝ ትከሻዬ ከፊት ለፊት ይቆረጥመኛል፤ ጠዋት ሲነጋ ይጠፋል። ሳሟሙቅ ያመኛል፣ ሰውነቴ ሲሞቅ ይተወኛል። ይህ «ይተወኛል» የሚሉት ነገር ነው ሰውን የሚያታልለው። ከዚያ በቀኝ ጎኔ መተኛት አቃተኝ። ከዚያ ክንዴን ወደ ላይ ሳነሣ፣ ከትከሻ ትይዩ ትንሽ ከፍ ሲል፣ አንድ ቦታ ላይ እንደ ቢላ ይወጋኛል፤ ያን ቦታ ካለፈ ደግሞ ደህና ነው። ለማንም አልተናገርኩም። ለአገር አቀፍ ውድድር የከተማው ምርጫ ሦስት ወር ቀርቶት ነበር፤ ታማለች ከተባልኩ ስሜ እንደሚሰረዝ አውቃለሁ። በመደበቅም ጎበዝ ሆንኩ። በግራ እጄ እጨብጣለሁ፣ ቦርሳዬን በግራ እይዛለሁ፣ ሲያመኝ ፊቴን ወደ ተራራው አዞራለሁ።

ሚያዝያ ላይ፣ ምርጫው ሊደርስ አሥራ አምስት ቀን ሲቀረው፣ ዞሬ ልለቅ ስል ትከሻዬ ውስጥ ጨርቅ ሲቀደድ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ዲስከሱ እግሬ አጠገብ አሸዋው ውስጥ ተቀበረ። ክንዴ አልወለቀም፣ አልተሰበረም። ዝም ብሎ የኔ መሆኑን አቆመ።

የቡድናችን ወጌሻ ደግ ሰው ነበር፤ ይህን ማለት ግዴታዬ ነው። ግን የሚያውቀው የኳስ ተጫዋች ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ነው። «ወለምታ ነው» ብሎ በሚያቃጥል ቅባት አሸኝ፣ ክንዴን ይዞ ወደ ላይ ጎተተ፣ አሽከረከረ። ዓይኔ ጨለመ። ሦስት ቀን እየመጣ እንደዚያው አደረገ፤ በየቀኑ ባሰብኝ። እማዬ ይህን አይታ መጋላ ወደሚኖሩ አንዲት ታዋቂ ወጌሻ እናት ዘንድ ወሰደችኝ። እኚህ ሴት አጥንት ሲያገጣጥሙ፣ ውልቃት ሲመልሱ፣ ሸንበቆ ሰንጥቀው ሲጠግኑ የኖሩ ናቸው። ቅቤውን ጎናቸው አስቀምጠው ጣቶቻቸውን ትከሻዬ ላይ ለረጅም ጊዜ አስኬዱ። ክንዴን ወደ ጎን አንሺው አሉኝ፤ አልቻልኩም። እሳቸው በእጃቸው ደግፈው ሲያነሡት ግን ወጣ። ሲለቁት ወደቀ።

ቅቤውን መልሰው ከደኑት።

«ልጄ፣ አጥንትሽ ቦታው ላይ ነው። የታመመው ውስጥ ያለው ጅማት ነው፤ እሱ ደግሞ በእጄ አይደረስበትም። ብነካው እጎዳሻለሁ። ሌላ ሰውም እንዳይጎትትሽ።»

ገንዘብ አልተቀበሉም። ስለ ወጌሻ ብዙ ይባላል፤ እውነትም አጥብቀው ያሰሩት ስብራት ደም ዘግቶ ክንድ ያስቆረጠበት ታሪክ በአገራችን ብዙ ነው። እኔ ግን የእጃቸውን ወሰን የሚያውቁ ሴት አይቻለሁ። በኋላ የተማረ ሰው በመጽሐፍ ቃል የነገረኝን እሳቸው በጣታቸው ያን ቀን አግኝተውት ነበር።

ራጅ ተነሣሁ። ራጁን ያየው ባለሙያ «አጥንትሽ ንጹሕ ነው» ብሎ ማስታገሻ ጻፈልኝ። ራጅ አጥንትን እንጂ ጅማትን እንደማያሳይ የነገረኝ አልነበረም። ሰውም ነገሩን ከዚያ በኋላ ተወው፤ ራጁ ንጹሕ ከሆነ በሽታው የለም። ምርጫው አለፈ። ማስታገሻው አለቀ።

አንድ ትከሻ ቤት ውስጥ ስንት ሥራ ይሠራ እንደነበር የሚታወቀው ሲቀር ነው። ፀጉሬን መሠራት አልችልም፤ እማዬ ፊቷ አስቀምጣ ሹሩባ ትሠራኛለች፣ እኔም 19 ዓመት ሆኖኝ እንደ ሕፃን አንገቴን ደፋ አድርጌ እቀመጣለሁ። እንጀራ ስጋግር ሊጡን ምጣዱ ላይ የማዞረው በግራ እጄ ነው፤ ለመጀመሪያው አንድ ወር ጠርዙ ተስተካክሎልኝ አያውቅም። ቀሚስ በራስ ማጥለቅ ብቻውን ሥራ ነው፤ የታመመውን ክንድ አስቀድሞ ማስገባት፣ ሲያወልቁ ደግሞ ኋላ ማውጣት እንደሚገባ ማንም ሳያስተምረኝ ተማርኩ። አባባ ማታ ማታ «ብረቷ እንዴት ናት?» ይለኛል። ዲስከሷን ማለቱ ነው። «ደህና ናት፣ አርፌ ነው» እለዋለሁ።

ዓመት ከመንፈቅ እንደዚህ አለፈ ማለት ይቻላል። ከዚያ የ1998ቱ ክረምት መጣ።

ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ ከተማው ላይ ይህ ነው የሚባል ነገር ሳይታይ፣ ከበላያችን ባለው ደጋ የዘነበው ዝናብ ሌሊት ላይ በደቻቱ መጣ። ውኃ ይመጣል ተብሎ የሚታወቀው ድምፅ አልነበረም፤ ድንጋይ ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ነው የሰማነው። ከ250 በላይ ሰው አለቀ። እኛ ከዳርቻው ትንሽ ራቅ ብለን ስለነበር ቤታችን ቆመ፤ ግቢው ግን እስከ ደረት ሞላ። አባባ ግድግዳው ላይ ወጥቶ ከላይ ይቀበላል፣ እኔ ከታች የጎረቤት ልጆችን አቀብላለሁ። ሁለት ሕፃናት ነበሩ። የመጀመሪያዋን እንደ ልማዴ በሁለት እጄ አንሥቼ ወደ ላይ ስሰጥ ቀኝ ክንዴ ያቺ የቢላዋ ቦታ ላይ ሲደርስ ከዳኝ። ልጅቷን በግራዬ ደረቴ ላይ አጣብቄ አስቀረኋት፤ ከዚያ ግድግዳውን በጀርባዬ ተደግፌ በአንድ ክንድ ለአባባ አቀበልኳት። ሁለተኛውንም እንደዚያው። ሁለቱም ተረፉ። ጨለማ ስለነበር አባባ ያየው አልመሰለኝም። አይቶ ነበር።

በማግስቱ ቀፊራ ገበያ ሄድን። የእማዬ የሽንኩርትና የድንች መደብ የነበረበት ቦታ ጭቃ ብቻ ነው። ሰው በየቦታው የሚፈልገው ሌላ ነገር ነበር፤ እዚያ ያየሁትን ሁሉ እዚህ አላነሣም። አራት ቀን በግራ እጄ አካፋ ይዤ ጭቃ ዛቅሁ። በሦስተኛው ቀን የእማዬን ሚዛን አገኘሁት፤ አንዱ ሳህን ጎብጧል፣ የብረት ኪሎዎቹ ከነከረጢታቸው አሉ።

አባባ ያን ሳምንት ማብቂያ ላይ አጠገቤ ተቀምጦ፣ «ክንድሽ ሞቷል፤ ለምን አልነገርሽኝም?» አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ወሩ ሳያልቅ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ መኖሩን ከሰው ሰምቶ ወሰደኝ።

ያኔ ፊዚዮቴራፒ የሚለውን ቃል ከኛ ሰፈር የሚያውቀው አልነበረም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሙያውን በዲግሪ ማስተማር የጀመረው በዚያው በ1990ዎቹ ነው፤ ይህም ወጣት ከዚያ ከወጡት አንዱ ነበር። ራጄን ወደ ጎን አስቀምጦ ስወረውር እንዴት እንደምቆም አሳዪኝ አለኝ። ሰውዬው ክንዴን ሳይነካ እግሬን አየ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የቡና ጀበና ከነማቶቱ አነሣ። «ዳሌ ጉድጓድ ውስጥ እንደ ተተከለ ምሰሶ ነው» አለ፤ «ትከሻ ግን ጀበና ማቶት ላይ እንደሚቀመጥ ነው። ጥልቀት የለውም። ለዚህ ነው ወደፈለግሽው የሚዞርልሽ፤ ለዚህም ነው የሚጎዳው። ጀበናው እንዳይወድቅ አቅፈው የያዙት አራት ትንንሽ ጡንቻዎች ናቸው። ከነሱ የአንዱ ጅማት ነው የተጎዳው።»

የመጨረሻ ጥያቄው «ዲስከስሽ ስንት ይመዝናል?» የሚል ነበር።

«1 ኪሎ» አልኩ።

«መዝነሽዋል?»

አልመዘንኩትም። በማግስቱ ዲስከሱን በነጠላ ጠቅልዬ ቀፊራ፣ እማዬ እንደገና ወደዘረጋችው መደብ ወሰድኩት። ከጭቃ ያወጣሁት ሚዛን ላይ በአንዱ ሳህን ዲስከሱን፣ በሌላው የ1 ኪሎውን ብረት አስቀመጥን። ዲስከሱ አልተነሣም። እማዬ 200 ግራም ጨመረች። አልተነሣም። ሌላ 200 ጨመረች። ሚዛኑ ተስተካከለ።

ሁለታችንም ለረጅም ጊዜ ዝም ብለን አየነው። ከሚገባው 400 ግራም የበለጠ፣ በቀን ስልሳ ጊዜ፣ ከዓመት ለማያንስ ጊዜ። ባለሙያው በኋላ እንዳስረዳኝ ክብደቱ ብቻውን አይደለም ጥፋቱ። ከባዱ ዲስከስ ከኋላ ይቀራል፤ ዳሌዬ ዞሮ ሲጨርስ ክንዴ ገና ስለሚጎተት፣ እግር መሥራት የነበረበትን ሥራ ያቺ ቀጭን ጅማት ትሠራለች። ቲቸር «ክንድሽ ዝም ብሎ ይከተል» ሲል የነበረው ይህንኑ ነው።

እማዬ ዲስከሱን መልሳ በነጠላው ጠቀለለችው። «ለአባትሽ አትንገሪው» አለችኝ። አልነገርኩትም።

ሕክምናው አብዛኛው በቤት የሚሠራ ነበር፤ መሣሪያውም በእጄ ያለ። ጠረጴዛ ላይ በግራዬ ተደግፌ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ቀኝ ክንዴን እንደ ደወል ምላስ አንጠልጥዬ ትንሽ ትንሽ ክብ ማዞር። ጣቶቼን ግድግዳ ላይ እንደ ሸረሪት ወደ ላይ ማስኬድ፤ የደረስኩበት ላይ በጠመኔ ምልክት ማድረግ። የታጠፈ ፎጣ ብብቴ ውስጥ ይዤ፣ ክርኔን ከጎኔ ሳላላቅቅ፣ ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ የተቆረጠ ጠፍር ወደ ውጭና ወደ ውስጥ መሳብ። ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውስጥ የደቻቱን አሸዋ ሞልቼ በቀስታ ማንሣትና፣ ከማንሣቱ ይልቅ ቀስ ብሎ ማውረድ። የትከሻ አጥንቶቼን ወደ ኋላ አቀራርቦ አሥር ድረስ መቁጠር። ስተኛ ከታመመው ክንድ ሥር ትራስ። መመሪያውም አጭር ነበር፤ ስትሠሪ ትንሽ ቢያምሽ አትፍሪ፣ በማግስቱ ጠዋት ከትላንት ከባሰብሽ ግን አብዝተሻል ማለት ነው።

ሙሉ ዕረፍት አላዘዘም። ይህ ገረመኝ። እስከዚያ ድረስ ሰው ሁሉ ወይ «ቻዪው» ወይ «አታንቀሳቅሺው» ነበር የሚለኝ። ዓመት ከመንፈቅ አላንቀሳቀስኩትም፤ ይኸው ትከሻዬ እንደ ዛገ ማጠፊያ ደርቆ ነው የመጣሁት። የተጎዳ ጅማት በልኩ ካልሠራ አይጠነክርም፤ ከልኩ በላይ ከሠራ ይበጠሳል። ያቺን ልክ ፈልጎ ማግኘት ነው ሕክምናው።

የጠመኔው ምልክት በመጀመሪያው ሳምንት ከትከሻዬ በታች ነበር። በሁለተኛው ወር አገጬ ጋ ደረሰ። አባባ ማለዳ ሲወጣ ቆም ብሎ ግድግዳውን ያያል። ምልክቱ ከፍ ያለ ቀን ምንም ሳይል በጣቱ መታ መታ አድርጎ ይወጣል። ለ1999 ጥምቀት ፀጉሬን ራሴ ሠራሁ።

በዚያ ሰሞን የማነበው ነገር ፈልጌ በፈረንጆቹ 1964 የተካሄደውን የቶኪዮ ኦሊምፒክ ታሪክ አገኘሁ። ሁላችን የምናውቀው አበበ ቢቂላ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ከአምስት ሳምንት በኋላ ማራቶኑን ለሁለተኛ ጊዜ ማሸነፉን ነው። እዚያው ስታዲየም ውስጥ፣ ከአበበ ስድስት ቀን ቀድሞ፣ አል ኦርተር የሚባል አሜሪካዊ የጎኑ የጎድን ለምለም አጥንት ተቀድዶ፣ በበረዶና በፋሻ ታሽጎ ዲስከስ ወርውሮ በ61 ሜትር አሸንፏል። ይህን ሳነብ መጀመሪያ ልቤ ሞቀ፤ ከዚያ ግን ከፋኝ። እኔም ሕመሜን ደብቄ ነበር፤ የኔ መጨረሻ ግን ሜዳልያ አይደለም። ዛሬ ይህን ታሪክ ለተማሪዎች ሳነሣ የኦርተርን ከዚህ በላይ አላስረዝመውም። የማስረዝመው የአበበን የኋላ ታሪክ ነው። በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ከሆነ በኋላ፣ ያ በእግሩ ዓለም ያወቀው ሰው በ1962 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ላይ በቀስት ውድድር ቀረበ። እግሩ ሲቀርበት ክንዱን ጠየቀ። እኔ ደግሞ ቀኙ ቢቀርብኝ ግራ አለኝ።

በግራ መወርወር ከዜሮ መጀመር ነው። ሰውነቴ በተቃራኒ መዞር አልገባው ብሎ ሁለት ወር ሙሉ ባዶ እጄን ብቻ ዞርኩ። ያኔ ነው የእግሩ ሥራ በትክክል የገባኝ፤ ግራ ክንዴ ጉልበት ስለሌለው ዳሌዬን ከመጠቀም ሌላ አማራጭ አልነበረኝም። ቀኜ በሰባት ወሩ ወደ ውርወራ ተመለሰ፤ በቀን አሥራ አምስት ጊዜ ብቻ፣ በእንጨቱ ዲስከስ። የቀድሞ ርቀቴን ዳግመኛ አላገኘሁትም። መምህርነት ተምሬ በከተማዬ የስፖርት መምህርት ሆንኩ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የሰፈራችን ልጅ፣ ከአሜሪካ ለዕረፍት የመጣ፣ ቦርሳው ሙሉ የፕላስቲክ ዲስኮች ይዞ መጣ። እዚያ በየፓርኩ ሰንሰለት የተንጠለጠለበት ቅርጫት እየተተከለ፣ ሰው ዲስክ እየወረወረ ከቅርጫት ቅርጫት የሚሄድበት ጨዋታ አለ፤ እንደ ጎልፍ በትንሽ ውርወራ የጨረሰ ያሸንፋል። ደቻቱ ወረድን። በርሜል አቆምን፣ ድንጋይ ከመርን፣ ሕፃናት ተሰበሰቡ። ዲስኳ 175 ግራም ነው የምትመዝነው። ከአባባ ብረት ስምንት እጥፍ ትቀላለች። በጣም ተደሰትኩ፤ ሳላስበው መቶ ጊዜ ወረወርኩ። ማታ ያቺ የድሮዋ ቁርጥማት ተመልሳ መጣች።

ልጁ ይህን ሲሰማ የራሱን ክርን አሳየኝ። እሱም ተጎድቶ ነው፤ እዚያም አገር ቀላል ነው ብለው ሳያሟሙቁ፣ በብርድ፣ በቀን ሁለት ሦስት መቶ ጊዜ እየወረወሩ ትከሻቸውንና ክርናቸውን የሚያጡ ብዙ ናቸው አለኝ። እሱ ያደረገው እኔ ካደረግኩት አይለይም፤ የውርወራውን ቁጥር ቀነሰ፣ ከደረት አቋርጦ የሚወረወረውን ከጎን በሚወረወረው እያፈራረቀ ክርኑን አሳረፈ፣ አጭር አጭሩን በግራ እጁ ተማረ። ከደቻቱ እስከ አሜሪካ ትከሻ ያው ማቶት ላይ የተቀመጠ ጀበና ነው። ሦስት ዲስኮች ትቶልኝ ሄደ። ለጀማሪዎች እነሱን ነው የማስይዘው፤ ዳሌ መቅደሙን በቀላል ነገር ይማራሉ፣ እኔም አብሬያቸው ሃያ ጊዜ እወረውራለሁ፤ አሥር በቀኝ፣ አሥር በግራ።

ተማሪዎቼ «እኛ አገር ወርዋሪ ይወጣል ወይ?» ይሉኛል። ጎረቤታችን ኬንያም የሯጮች አገር ናት እላቸዋለሁ፤ ጁሊየስ ዬጎ ግን ጦር ውርወራን ከኢንተርኔት ቪዲዮ እያየ ተምሮ በ2007 ዓ.ም. ቤጂንግ ላይ በ92 ሜትር ከ72 የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል።

ከኔ ክፍል ሕመም ተደብቆ አይዋልም። ማለዳ ስንገናኝ የመጀመሪያ ሥራችን ሁሉም ክንዱን በጎን በኩል እስከ ጆሮው ማንሣት ነው፤ መንገድ ላይ ፊቱን ያጨማደደ ያን ቀን አይወረውርም፣ ግን ከቡድኑም አይወጣም፤ ላስቲኩን ይዞ አጠገባችን ይሠራል። የስፖርት መምህራን ወዳጆቼን የምለምነውም ይህንኑ ነው። ልጁ «አመመኝ» ሲል ስሙን ከዝርዝር አትሰርዙት፤ ያኔ ሁለተኛ አይነግራችሁም። የተቀደደ ጅማት ደግሞ በማሸትና በመጎተት አይድንም።

አባባ በ2004 ዓ.ም. አረፈ። እስከ መጨረሻው «ብረቷ እንዴት ናት?» ይለኝ ነበር፣ እኔም «ደህና ናት» እለው ነበር። ዲስከሷ አሁን ትምህርት ቤት ጠረጴዛዬ ላይ ናት። አዲስ ተማሪ ሲመጣ በእጁ እንዲይዛትና ክብደቷን እንዲገምት አደርጋለሁ፤ ሁሉም «1 ኪሎ» ይላሉ። ከዚያ አጠገቧ ባለችው የኤሌክትሪክ ሚዛን ላይ ያስቀምጧታል። 1 ኪሎ ከ420 ግራም ትመዝናለች።